የሰኔ ነጥቦች

የጎንደርና የአካባቢዋ የኳስ ወዳጆች፣ ዛሬ የምናገረው ስለ ውድድር ዓመት ማብቂያ ነው። የአገራችን ፕሪምየር ሊግ ሲጀመር ሁሉም ክለብ ሻምፒዮን የመሆን ተስፋ አለው። ሰኔ ሲገባ ግን ሰንጠረዡ ይገለጣል፤ ማን ምን ይዞ እንደቆየ፣ ማን ደግሞ ባዶውን እንደቀረ ይታያል። እኔም ላስረዳ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፦ በሰኔ የሚጠፋ ነጥብ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ከሰኔ በፊት ነው። ይህን ደግሞ ከጎንደር የተሻለ የሚያውቅ ከተማ ያለ አይመስለኝም።

ከ2011 ዓ.ም. ልነሳ። በዚያ ዓመት ፕሪምየር ሊጉ 16 ክለቦች ነበሩት፤ እያንዳንዱም 30 ጨዋታ ይጫወታል። 29ኛው ሳምንት ሲያልቅ የሰንጠረዡን አናት የያዘው የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ነበር፤ መቐለ 70 እንደርታ በአንድ ነጥብ ብቻ ይከተለዋል። አፄዎቹ የሚባለውን ፋሲልን ያሠለጥን የነበረው ውበቱ አባተ ነው። በመጨረሻው ቀን ፋሲል ከስሑል ሽረ ጋር አንድ ለአንድ ተለያየ፤ መቐለ ድሬዳዋ ከተማን አሸነፈ። ዋንጫው በአንድ ነጥብ መቐለ ገባ። ያን ቀን በጎንደር ፒያሳ ላይ፣ ማራኪ ላይ፣ አዘዞ ላይ ሬዲዮ ከፍቶ ያልተቀመጠ ቤት ቢኖር ጥቂት ነው። እዚህ ያላችሁት አብዛኞቻችሁ የት ሆናችሁ እንደሰማችሁት ዛሬም ታስታውሳላችሁ።

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተወራው ስለዚያ 90 ደቂቃ ነበር። የተሳተችው ኳስ፣ የዳኛው ፊሽካ፣ የሜዳው ጠባይ ሁሉ ተነሣ። እኔ ግን ከቁጭቱ ራቅ ብላችሁ አንድ ጥያቄ እንድትጠይቁ እለምናችኋለሁ። 30 ጨዋታ ተጫውቶ በአንድ ነጥብ ዋንጫ ያጣ ቡድን ያቺን ነጥብ ስንት ቦታ ሊያገኛት ይችል ነበር? በሜዳው አቻ የወጣበት ጨዋታ አለ። መርቶ የተያዘበትም ይኖራል። እነዚያ ጨዋታዎች ሲያልቁ ማንም አላለቀሰም። አንድ ነጥብም ነጥብ ነው ብለን ወደ ቤታችን ገባን። በዓመቱ መጨረሻ የጎደለችው ግን ከእነዚያ አንዷ ናት።

እንዲህ ስል የሽረውን ቀን ላቃልል አይደለም። በዚያን ዓመት ከአማራና ከትግራይ ክልል ክለቦች ጋር የተያያዘው ውጥረት ኳሱን ምን ያህል እንደከበደው ታውቃላችሁ። ተጫዋች ከሜዳ ውጭ ስላለው ነገር እየተጨነቀ የሚጫወተው ጨዋታ ጤናማ ጨዋታ አይደለም። ይህ ለሁለቱም ወገን ተጫዋቾች እውነት ነበር። ያም ሆኖ ፋሲል በዚያው የውድድር ዓመት የኢትዮጵያ ዋንጫን አነሣ፤ በአፍሪካ ኮንፌዴሬሽን ዋንጫም የታንዛኒያውን አዛምን ባሕር ዳር ላይ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በመልሱ 3 ለ 1 ተረትቶ ወጣ። ሊግ ያጣ ቡድን ተሰብሮ አለመቅረቱን ልብ በሉ፤ ኋላ ላይ እመለስበታለሁ።

አሁን ለጥቂት ደቂቃ ወደ ሩቅ አገር ልውሰዳችሁ። አሜሪካኖች ቤዝቦል የሚሉት ጨዋታ አላቸው። በትልቁ ሊጋቸው ውስጥ ያሉት 30 ክለቦች እያንዳንዳቸው በዓመት 162 ጨዋታ ይጫወታሉ፤ ከመጋቢት አጋማሽ ገደማ ጀምሮ እስከ መስከረም አጋማሽ ድረስ ማለት ነው። በየቀኑ ማለት ይቻላል ይጫወታሉ። እንዲህ ባለ ረጅም ዓመት የማብቂያው ሳምንታት ትርጉማቸው ከእኛ የተለየ ይመስላል፤ ነገር ግን አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1964 የፊላዴልፊያው ክለብ ፊሊስ 12 ጨዋታ ሲቀረው ተከታዮቹን በስድስት ጨዋታ ተኩል ይመራ ነበር። ዋንጫው እጁ ላይ ነበር ማለት ነው። ከዚያ 10 ጨዋታ በተከታታይ ተሸነፈ፤ ሻምፒዮንም የሴንት ሉዊሱ ካርዲናልስ ሆነ። ስለ ውድቀቱ ምክንያት ዛሬም ይከራከራሉ፤ አብዛኛው ሰው የሚያነሣው ግን አሠልጣኙ ጂን ማውክ ሁለቱን ምርጥ ኳስ ወርዋሪዎቹን፣ ጂም በኒንግንና ክሪስ ሾርትን፣ ተገቢውን ዕረፍት ሳያገኙ ደጋግሞ ማሰለፉን ነው። በቤዝቦል ኳስ ወርዋሪ ክንዱ እንዲያገግም ቀናት ያስፈልጉታል። ማውክ ሌሎቹን ወርዋሪዎች አላመናቸውም፤ ስላላመናቸው ሁለቱን አደከማቸው።

ሁለተኛው ታሪክ የተገላቢጦሹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የኒውዮርኩ ጃያንትስ በኦገስት 11 ከብሩክሊን ዶጀርስ በ13 ጨዋታ ተኩል ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር። ከቀሩት 44 ጨዋታዎች 37ቱን አሸንፎ እኩል ደረሰ። ሦስት መለያ ጨዋታ ተደረገ፤ በኦክቶበር 3 ቦቢ ቶምሰን በመታት አንዲት ኳስ ዋንጫው የጃያንትስ ሆነ። አሜሪካኖች ይህን ለ50 ዓመት እንደ ተአምር ሲያወሩት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ክለቡ ከሜዳው ጀርባ በቴሌስኮፕ የተጋጣሚውን ምልክት ይሰርቅ እንደነበር ተገለጠ። ይህን የማነሣው የጃያንትስን ድል ለማራከስ ሳይሆን፣ የውድድር ማብቂያ ላይ ንጽሕና ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለማሳየት ነው። ከ50 ዓመት በኋላ እንኳ ዋንጫው ላይ ጥያቄ ይነሣል።

ከቤዝቦል የምንለይበት አንድ ነገር ግን አለ፤ እሱ በቀጥታ እኛን ይነካናል። በአሜሪካ ቤዝቦል የመጨረሻው ክለብ አይወርድም። በዓመቱ መጨረሻ የወደቀ ክለብ በሚቀጥለው ዓመትም በዚያው ሊግ ይጫወታል፤ እንዲያውም ወጣት ተጫዋቾችን በመምረጥ ረገድ የተሻለ ዕድል ይሰጠዋል። እኛ ዘንድ ግን መጨረሻ ላይ መቅረት ከሊጉ መውጣት ነው፤ አንዳንዴም መጥፋት ነው።

ጎንደር መውረድንም ማደግንም በአንድ ዓመት አይታለች። በ2008 ዓ.ም. የዳሽን ቢራ ክለብ ከፕሪምየር ሊጉ ወረደ፤ ከዚያም ፈረሰ። በዚያው ዓመት ፋሲል ከነማ ወደ ፕሪምየር ሊጉ አደገ። በአንድ ከተማ፣ በአንድ ክረምት፣ አንዱ ክለብ ሲወጣ ሌላው ገባ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ከተማዋ ከኳስ የከበደ ጉዳይ፣ ሕዝባዊ ተቃውሞና ግጭት፣ ገጠማት፤ እሱን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በዚያ መሀል የዳሽን መፍረስ ብዙም ሳይለቀስለት አለፈ። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ክለብ ሲፈርስ የሚበተኑት ተጫዋቾቹ ብቻ አይደሉም። ከደባርቅና ከወገራ ታዳጊ እየፈለገ የሚያመጣው ሰው፣ ማሊያ የሚያጥበው ሰው፣ ልምምድ ለማየት በማለዳ የሚመጣው ልጅ ሁሉ ቦታ ያጣል። አንድ ፋብሪካ ያቋቋመው ክለብ ፋብሪካው እጁን ሲያነሣ የሚቆምበት እግር እንደሌለው በዚያ ዓመት ተምረናል። በ1960ዎቹ የተመሠረተው ፋሲል ግን ሕዝብ ይዞት ኖረ፤ በታችኛው ሊግ ቆይቶ የተመለሰውም በሕዝብ ነው።

ወደ ሽረው ቀን ልመለስ። በ2011 ዋንጫውን የወሰደውን መቐለን ያሠለጥን የነበረው ገብረመድህን ኃይሌ ነው። ይህ ሰው ከዚያ በፊት ባለው ዓመት፣ በ2010፣ ገና ያደገውን ጅማ አባ ጅፋርን ሻምፒዮን አድርጎ ነበር፤ ያኔም ቅዱስ ጊዮርጊስን የቀደመው በግብ ልዩነት ነው። በ2017 ደግሞ ኢትዮጵያ መድንን ይዞ ለሦስተኛ ጊዜ፣ በሦስተኛ ክለብ አሸነፈ። በዚያ ዓመት በትግራይ ጦርነት የወጡት የክልሉ ክለቦች ተመልሰው ሊጉ 19 ቡድን ይዞ ነበር፤ እያንዳንዱ 36 ጨዋታ ተጫወተ። ሦስት የተለያዩ ክለቦች፣ ሦስት የተለያዩ ከተሞች፣ አንድ አሠልጣኝ። ይህን ዕድል ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ አልስማማም። በሰኔ ቡድኑ እግሩ የሚንቀሳቀስ፣ ያላለቀ ጉልበት ያለው አሠልጣኝ በመጋቢት የሆነ ነገር ሠርቷል ማለት ነው።

ፋሲልም ይህን ያደረገበት ዓመት አለ። በ2012 ሊጉ በኮሮና ምክንያት መሀል ላይ ተቋረጠ፤ ሻምፒዮንም ወራጅም ሳይኖር ተሰረዘ። አፄዎቹ ሰንጠረዡን እየመሩ ነበር። ከሽረ ቀጥሎ ይህ ሲመጣ ብዙ ደጋፊ ተስፋ ቆረጠ። በ2013 ግን ሥዩም ከበደ የሚመራው ቡድን ተመልሶ መጣ። ሊጉ በጦርነቱ ምክንያት የትግራይ ክለቦች የሌሉበት፣ 13 ቡድን የቀረበት ሊግ ነበር፤ ውድድሩም ወደ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ እየተዘዋወረ ተካሄደ። አምበሉ ያሬድ ባየህ ከኋላ፣ ሱራፌል ዳኛቸውና ሽመክት ጉግሳ ከመሀልና ከመስመር፣ ሙጂብ ቃሲም ከፊት። የዓመቱ ኮከብ ግብ አግቢ የኢትዮጵያ ቡናው አቡበከር ናስር ነበር፤ 29 ግብ አገባ። ዋንጫውን ግን የወሰደው ፋሲል ነው፤ ያውም የመጨረሻውን ቀን ሳይጠብቅ፣ ጨዋታዎች እየቀሩት።

እነሆ ልዩነቱ። በ2011 ፋሲል ለመጨረሻው ቀን የተወው ሥራ ነበረው፤ በ2013 አልነበረውም። ገበሬው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቀው በጥር ስንት ኩንታል እንዳስገባ ስለሚያውቅ ነው፤ በክረምት ጎተራ አይሞላም፣ ይበላል እንጂ። የእግር ኳስ ክለብም ሰኔ ላይ የሚያወጣው በጥርና በየካቲት ያስገባውን ነው።

ዋንጫው ጎንደር ሲገባ ሕዝቡ እንዴት እንደተቀበለው ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ነገር ግን አንድ ነገር ደግሜ ልናገር፦ ያ ዋንጫ የተገኘው ጎንደር ላይ በተደረገ ጨዋታ አልነበረም። ከ2013 ጀምሮ ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ሲካሄድ ጎንደር ቡድኗን በዓይኗ የምታይበት ሜዳ አጥታ ቆየች። ደጋፊው ቴሌቪዥን ባለበት ቤት ሻይ ይዞ፣ በሰው ትከሻ ላይ ተንጠራርቶ ያያል። ከዳባት ወርዶ ፋሲለደስ ስታዲየም ገብቶ ይጮህ የነበረው ወጣት አሁን በስልኩ ላይ ውጤት ይጠብቃል። በሰኔ ቡድን ሲደክም የሚያነሣው ይህ ድምፅ ነበር። ሁሉም ቡድን በእንግድነት የሚጫወት ከሆነ ለሁሉም እኩል ነው የሚል አለ። እኩልነቱን አልክድም። ግን የሜዳ ባለቤትነት የክለብ ሀብት ነው፤ ትኬት ነው፣ ማሊያ ነው፣ የሆቴልና የባጃጅ ገቢ ነው። ይህ ሀብት ያለው ከተማ ለተጫዋቹ ደመወዝ የሚሆን ነገር ራሱ ያመነጫል። የሌለው ከከተማ አስተዳደር በጀት ይጠብቃል፤ የበጀት ዓመቱ ደግሞ የሚዘጋው በዚያው በሰኔ ነው፤ ሊጉ በሚጦፍበት ወር ካዝናው ይራቆታል።

ስለ ደመወዝ ትንሽ ልቆይ። በአገራችን ሊግ ደመወዝ ለወራት ሳይከፈል መቆየቱ፣ ተጫዋች ልምምድ ማቆሙ በየዓመቱ የምንሰማው ወሬ ነው፤ ብዙ ክለቦችን የነካ ነው። በ2011 ማብቂያ ክለቦች ተሰብስበው የወር ደመወዝ ጣሪያ 50,000 ብር እንዲሆን ተስማምተው ነበር። ጣሪያ ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በቃል የተገባውን በየወሩ መክፈል ሌላ ነው። ለቤቱ ኪራይ ያልከፈለ ተጫዋች በ28ኛው ሳምንት እንዲሮጥልህ መጠየቅ ትክክል አይደለም። ከፍለህ ብትሸነፍ ያልሰጠኸው ነገር ስለሌለ ተስፋ አለህ። ሳትከፍል ብትሸነፍ ግን ምን ብለህ ትጠይቀዋለህ?

ከ2013ቱ ዋንጫ በኋላ የመጣውም በሰኔ የሚታየው ከሰኔ በፊት የተሠራው መሆኑን ያስረዳል። በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ፋሲል ከሱዳኑ አል ሂላል ጋር ባሕር ዳር ላይ 2 ለ 2፣ በመልሱም 1 ለ 1 ተለያየ። ሳይሸነፍ ከውጭ በተቆጠሩ ግቦች ተሰናበተ። አል ሂላል በአህጉሩ ምን ዓይነት ክለብ እንደሆነ ለምታውቁ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ሙጂብ ቃሲም ግን ወደ አልጄሪያ ሄደ። በተከታዩ ዓመት፣ በ2014፣ ሥዩም ከበደ መሀል ላይ ተሰናበተና ኃይሉ ነጋሽ ቡድኑን ተረከበ። እንደዚያም ሆኖ ፋሲል ዋንጫውን እስከ መጨረሻው ቀን ታገለ፤ ፈረሰኞቹ ቅዱስ ጊዮርጊሶች ቀደሙት። ግብ የሚያገባልህን ሰው ሸጠህ በቦታው ሌላ ካላዘጋጀህ፣ በጥር ላይታይ ይችላል፤ በሰኔ ግን ይታያል። ፊላዴልፊያ ሁለት ወርዋሪ ላይ እንደተደገፈችው ማለት ነው። በእኛ በኩል የሚያሳዝነው፣ ከጃናሞራ እስከ ደንቢያ ሳንባው በከፍታ የተሠራ ወጣት ሞልቶን ተተኪ አጥቂ ከሌላ ክለብ መፈለጋችን ነው። ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ትላለች፤ ደባርቅ ከዚያም ይበልጣል። በዚህ አየር ያደገ ልጅ በ85ኛው ደቂቃ ማን እንደሚደክም ማየት ይችላል። አሠልጣኝና ሜዳ ካገኘ ብቻ።

የመጨረሻው ቀን ንጽሕናም አለ። እ.ኤ.አ. በ1982 የዓለም ዋንጫ ላይ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ የአልጄሪያን ውጤት አስቀድመው አውቀው ስለተጫወቱ፣ 1 ለ 0 የሆነው ውጤት ሁለቱንም አሳልፎ አልጄሪያን አስወጣ። ከዚያ ወዲህ ነው በውድድር የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚጀመሩት። እኛም ሊጋችን በአንድ ከተማ በሚካሄድበት ዘመን በመጨረሻው ሳምንት ዋንጫና መውረድ የሚወስኑ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት እንዲጀመሩ ሁለትና ከዚያ በላይ ደህና ሜዳ ያስፈልጋል። በ2016 ንግድ ባንክ፣ ገና ባደገ በዓመቱ፣ በበፀሎት ልዑልሰገድ መሪነት መቻልን ቀድሞ ዋንጫ ያነሣው በመጨረሻው ቀን ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ከማንም ጥርጣሬ ነጻ ሆኖ ማለፍ አለበት። ለዚያ የሚረዳው ብዙ ሜዳ ነው፤ ከነዚያም አንዱ ጎንደር ቢሆን ምን ይጎዳል?

ብሔራዊ ቡድናችን በሰኔ 2014 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈው የት እንደነበር ታስታውሳላችሁ፤ ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ላይ። በአገር ውስጥ አህጉራዊ ደረጃ የሚያሟላ ሜዳ ስላልነበረን ደስታችንን ሰው አገር አድርገን ተመለስን። የፋሲለደስ ስታዲየም ጉዳይ ከዚህ ሰፊ ጉዳይ የተለየ አይደለም። ሣሩ፣ የውኃ መውረጃው፣ የመልበሻ ክፍሉ፣ የተመልካች መቀመጫው፣ መብራቱ፤ እነዚህ በአንድ ዓመት የሚያልቁ አይደሉም፣ ግን በየዓመቱ አንዱ ሊያልቅ ይችላል። በተለይ የውኃ መውረጃው። ጎንደር በሐምሌ የሚወርድባትን ዝናብ የምታውቁ፣ ሊጉ ክረምት ድረስ የሚገፋ ከሆነ ጭቃ ላይ የሚደረግ የመጨረሻ ጨዋታ ምን እንደሚመስል ትገምታላችሁ። የሊጉ ኩባንያም መርሐ ግብሩን ግንቦት ላይ ለማሳረፍ ቢጥር ለደጋ ከተሞች ሁሉ ይጠቅማል፤ ለገበሬው ደጋፊም እንዲሁ፣ ምክንያቱም ሰኔ የዘር ወር ነው፤ ሰው ማሳውን ትቶ ወደ ስታዲየም አይወርድም።

ከመካከላችሁ የከተማው ምክር ቤት አባላት አላችሁ፤ የክለቡ ቦርድ አባላትም አያችኋለሁ። ለእናንተ ያለኝ ጥያቄ አጭር ነው፤ መልሱን ዛሬ እዚሁ ብሰማ ደስ ይለኛል። በመጪው የበጀት ዓመት ለፋሲለደስ ስታዲየም የውኃ መውረጃ ስንት ብር ተይዟል? ለተጫዋቾች የግንቦትና የሰኔ ደመወዝስ ከየት እንደሚመጣ ከአሁኑ ተወስኗል? ከወገራና ከደባርቅ ታዳጊ የሚመለምል ሰው ተቀጥሯል? መድረኩን ለእናንተ እለቃለሁ።